በዘምዘም ሆድ ውስጥ ማን አለ

ዘሊካ ስለምትባል ሴት ላውራችሁ። ከባቲ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ስለዚህ እንደምናወራው አድርጌ ነው የምጽፈው። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እስካሁን ያልጻፍኩት ፈርቼ ነው።

ዘሊካ ቀናተኛ ናት። እሷም አትክደውም። የውሃ መጠጫዋ ላይ ማንም እንዳይነካባት በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋለች። ማበጠሪያዋን የትራሷ ልብስ ውስጥ ነው የምትደብቀው። አንድ ቀን ሳላውቅ በብርጭቆዋ ጠጥቼ እስከ ማታ አኮረፈችኝ።

«ምን ሆነሻል? ብርጭቆ እኮ ነው» አልኳት።

«ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሳጥብ የራሴ ምን አለ?» አለችኝ። «ድስቱ የሰው፣ አልጋው የሰው፣ ሕፃኑ የሰው። አንዲት ብርጭቆ እንኳ ተዉልኝ።»

ባሏ ዛኪር ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የካርቱም ትልቅ ገበያ ዕቃ ያወርድ ይጭን ነበር። ዘሊካ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ወደ ሊቢያ ሄደ። ሁለቴ ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዘሊካ የራሴ የምትለው ነገር ሆዷ ብቻ ሆነ። ሰው በእጁ ሲነካው እንኳ ደስ አይላትም ነበር።

ከማንም በላይ የምትነካው ደግሞ ኒዕማ ናት። ኒዕማ እዚያው ግቢ፣ ከኛ ክፍል ፊት ለፊት የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ማዮ በሚባል ሩቅ ሰፈር ግንበኛ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው። ኑርሁሴን የሚባል የአምስት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ትቆምና የዘሊካን ሆድ እያየች፣

«ምራቴ እንዴት አደረች?» ትላለች።

«ጥሎሽ ሳታመጭ ማን ምራት ሰጠሽ?» ትላታለች ዘሊካ።

«ልጄን አላየሽውም? ከዚህ ጭን በላይ ምን ጥሎሽ አለ?»

ኒዕማ ሳቋ ትልቅ ነው። ወተቷም እንደዚያው፤ ቀሚሷ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ እርጥብ ነው። ዘሊካ ይኼንንም ታየው ነበር።

ዘሊካ የምትሠራው ዶክቶራ ሉጥፊያ ቤት ነው። ሱዳናዊት ናቸው፣ የሕፃናት ሐኪም፣ አምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዘሊካ ልጇ እንደ እሳቸው እንድትሆን ትመኛለች። በሙስሊሞቹ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ጥሩ ሰው ተምር አላምጦ የሕፃኑን ላንቃ ያሸዋል። ልጁ ተምሩን ያላመጠውን ሰው ጠባይ ይወስዳል ይላሉ። ዘሊካ ሱቅ ዐረቢ ሄዳ ሰባት ፍሬ ተምር መርጣ ገዛች፣ በፌስታል ቋጥራ ሆስፒታል ይዛው ከምትሄደው ቦርሳ ውስጥ ከተተች። የሚያላምጡት ዶክቶራ ሉጥፊያ ናቸው። ነግራቸዋለች፣ እሺ ብለዋታል።

ምጡ የመጣው በ2011 ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ሮመዳን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። አሮጌው መንግሥት ወርዶ ወጣቱ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ተቀምጦ «ሥልጣኑን ለሕዝብ» ሲል ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እሑድ ቀን ሆስፒታል ወሰድኳት። አልወጣ ሲል ሆዷን ቀደው አወጡላት። ሴት ልጅ። ዘሊካ ከሰመመኑ ስትነቃ ትኩሳት ያዛት።

ሰኞ ጠዋት ተኩስ ሰማን። ተቀምጠው የነበሩትን ሊበትኗቸው ነው አሉ። ከዚያ ቁስለኛ በሰው ትከሻ፣ በመኪና፣ በብርድ ልብስ እየመጣ ኮሪደሩ ሞላ። ወለሉ ላይ ማለፊያ ጠፋ። አንዲት ነርስ መጣችና፣

«ሕፃኗ ጤነኛ ናት፤ እዚህ ምን ትሠራለች? ወደ ቤት ውሰጃት» አለችኝ።

ዘሊካን አየኋት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ውሰጃት» አለችኝ። «ነገ ታመጫታለሽ።»

«ነገ አመጣታለሁ» አልኳት።

መንገዱ ሁሉ በጡብና በድንጋይ ተዘግቷል፤ ጎማ ይቃጠላል። በውስጥ ለውስጥ ሄድኩ። አርካዊት ልደርስ ስል አንድ ወታደር አስቆመኝና በያዘው ዱላ ፎጣውን ገለጥ አደረገ። ሕፃን መሆኗን ሲያይ «ያላ፣ ሂጂ» አለ። ዱላው የልጅቷን ግንባር ነክቷል። ከዚያች ሰዓት በኋላ እግሬ ከግቢ አልወጣ አለኝ።

ቤት ስደርስ ልጅቷ በረሃብ ታለቅሳለች። ሱቁ ዝግ ነው፣ የዱቄት ወተት የለም። ዶክቶራ ሉጥፊያ ቁስለኛ ሲያክሙ ቤታቸው ከገቡ ቀን አልፏቸዋል። ኒዕማ ከክፍሏ ወጣች።

«ምን ታያለሽ? ስጭኝ እንጂ» አለች።

ሰጠኋት። ያን ጊዜ ልጅቷ ዝም ስትል የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ኒዕማ ከሆስፒታል ይዤው የመጣሁትን የዘሊካን ቦርሳ ስትፈትሽ ተምሯን አገኘች። «ውይ፣ ይኼ ሳይደረግላት ልትውል ነው?» አለችና አንዷን አላምጣ በጣቷ ላንቃዋን አሸችላት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ነገሩን አላውቅም። ጣፋጭ ያቀመሰቻት ነው የመሰለኝ። አንዲት ሴት ያጠባችው ልጅ ከልጆቿ ጋር ወንድምና እህት እንደሚሆን፣ መጋባት እንደማይችል የሰማሁትም በኋላ ነው።

ዘሊካ በስልክ ዘምዘም ብላ ስም አወጣችላት። ቁስሏ አመርቅዞ ቶሎ አልተነሳችም። ኢድ አለፈ፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ ሥራ ያቆመበት አድማ መጣ። አጠገቧ የተኛች ሱዳናዊት ቤተሰቦች ካመጡት ምግብ እያካፈሉ አበሏት። ደውላ «መቼ ታመጫታለሽ?» ስትለኝ «መንገዱ ዝግ ነው» እላታለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሷ በታክሲ መጣች።

ሆዷን በእጇ ደግፋ ገባች። ዘምዘም ኒዕማ ጡት ላይ ነበረች። ዘሊካ አልጋው ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋች። ኒዕማ ልጅቷን አላቅቃ ሰጠቻት። ዘሊካ ጡቷን አወጣች፤ በትኩሳቱና ሳይጠባ በመቆየቱ ደርቆ ነበር። ዘምዘም አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፣ ከዚያ አፏን አላቅቃ ጮኸች። ፊቷን ወደ ኒዕማ ድምፅ አዞረች።

«ትለምድሻለች» አለች ኒዕማ።

«ማንን ነው የምትለምደው?» አለች ዘሊካ። «እኔን ነው የምትለምደው?»

ከዚያ ስለ ተምሩ ሰማች።

«ልጄ ዶክተር ልትሆን ነበር» አለችኝ ዘሊካ፣ ኒዕማ ከወጣች በኋላ። «አሁን እንደ ኒዕማ ቂው ብላ የምትስቅ ልትሆን ነው። ወንድምም ጨመርሽላት፣ እኔን ሳትጠይቂ። ሌላስ? ሌላ ያደላችሁት ነገር አለ?»

ከሳምንት በኋላ ዶክቶራ ሉጥፊያ ቁስሏን ሊያዩ መጡ። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ዘሊካን መርምረው ሲጨርሱ ዘምዘምን አቀፏትና እንዴት እንደ ሰነበተች ጠየቁ። ዘሊካ ነገረቻቸው። እሳቸው እንደ ቀላል ነገር ወሰዱት።

«ጥሩ ነው፣ ወተት አግኝታለች» አሉ። «እንዳንቺ ተቀደው የሚወልዱ ሴቶችን ልጆች ነው እኮ የማጠናው። የእናትና የልጅ ሰገራ እየሰበሰብን ነው።»

«ሰገራ? ለምን ይሆናል?» አለች ዘሊካ።

«ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ቤት ነው በይው። በእናቱ በኩል ሲያልፍ ከእሷ ባክቴሪያ ይውጣል፤ እነሱ ይሰፍሩበታል። ብቻቸውንም አይመጡም። ውስጣቸው ቫይረስ ይዘው ነው የሚመጡት።»

«ቫይረስ?»

«አትደንግጪ። ባክቴሪያውን እንጂ ሰውን የማይነካ አለ። አብሮ ገብቶ አብሮ ይኖራል። ዘምዘም በዚያ መንገድ ስላላለፈች መጀመሪያ ያገኘችው ከሰው ቆዳ፣ ከእጅ፣ ከአልጋው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወተቱ ያመጣላታል። ያቀፋት ሰው፣ የሳማት ሰውም ይሰጣታል። ምራቅም እንደዚያው።»

ዘሊካ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ኒዕማ የኑርሁሴንን ጨርቅ እያሰጣች ትዘፍናለች።

ዶክቶራ ከሄዱ በኋላ ዘሊካ ዘምዘምን አገላብጣ አየቻት። ከዚያ፣

«ዘጠኝ ወር ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ የገባችበት ኒዕማ» አለች።

በማግስቱ ሦስት የጃም ብልቃጥ አጥባ አደረቀች። አንዱ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባች፤ የእሷ ነው። ሁለተኛው የዘምዘም። ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ከኒዕማ አምጭልኝ» አለች።

«ምን?»

«ምን ይመስልሻል? ዶክቶራ ይመርምሩት። በልጄ ሆድ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ አለብኝ።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?»

«እኔ ምን አውቄ። ትል አለብሽ በያት።»

ብልቃጡን ሻሼ ሥር ደብቄ ኒዕማ ክፍል ገባሁ። ኒዕማ ቀና ብላ አየችኝ። ግቢው እኮ ጠባብ ነው፣ ሁሉንም ሰምታለች።

«ለምን ራሷ መጥታ አትጠይቀኝም?» አለች። «አንድ በርሚል ነው የምሞላላት። ባይሆን ተሸክማ ትሂድ።»

ሳቀች፤ ግን ይኼኛው ሳቅ ትልቅ አልነበረም። ብልቃጡን ባዶውን መለስኩት።

ዘሊካ ሁለቱን ይዛ ሄደች። ዶክቶራ ሲያዩ ሳቁ አሉ። ይኼን የሚለይ መሣሪያ እዚህ አገር የለም፣ ናሙናው ሁሉ ውጭ አገር ነው የሚላከው፤ አሁን እንኳን ሰገራ ደብዳቤም አይላክም አሏት። ብልቃጦቹን ግን አልጣሉባትም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡላት። መልሱ ምናልባት በዓመት ይመጣል።

ዘሊካ ዓመት መጠበቅ አልቻለችም። በዚያው ቀን የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝታ መጣች፤ በራችንን ዘግታ ኒዕማ እንዳታጠባ ከለከለች።

«ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰው አይገባም» አለች። «ያሉትም ይወጣሉ።»

«እንዴት ነው የሚወጡት?» አልኳት።

«ቀለብ ሲያጡ ይወጣሉ።»

ሰኔ ነው። መብራት የለም፣ ሙቀቱ ይጋግራል። ውሃው ከግቢው በርሚል ነው። አፈላለሁ ትላለች፣ ጋዝ ሲያልቅ ሳታፈላ ትበጠብጠዋለች። የተረፈውን በጡጦው አስቀምጣ በኋላ ትሰጣታለች። ኒዕማ ከበሩ ውጭ ጡቷን በፎጣ ይዛ ትቆማለች፤ ዘምዘም ስታለቅስ ወተቷ በራሱ ይፈስሳል። እኔ በመካከል ነኝ። እውነቱን ልናገርና በሁለቱም እቀና ነበር። አንዷ ወልዳታለች፣ አንዷ አጥብታታለች፤ እኔ ብቻ አምጥቼ አስቀምጬ ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ዘምዘምን ተቅማጥ ያዛት። በአራተኛው ቀን አናቷ ላይ ያለው እርግብግቢት ገባ፣ ስታለቅስ እንባ ጠፋ። ዘሊካ ጠቅልላ ወደ ዶክቶራ ቤት ሮጠች፤ ተከተልኳት። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ከግቢ ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ዶክቶራ የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ እየሰጡ ግማሽ ቀን ይዘዋት ቆዩ። ከዚያ ጡጦውን አሸተቱት፣ ወሰዱትና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

«ጡት ነው የሚያስፈልጋት» አሉ። «ተቅማጥ ከሚያመጡት ቫይረሶች የሚጠብቃት እሱ ነው።»

«የእኔ ደርቋል።»

«የደረቀው ስለማትስበው ነው። ስትርባት መጀመሪያ ያንቺን ትሳብ፣ ባይኖርም ትሳብ። ከዚያ የጎረቤትሽን ጠጥታ ትጥገብ። ሁለታችሁም አንድ አልጋ ላይ ተቀመጡ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ይመለሳል።»

ዘሊካ ልጅቷን ጠቅልላ ወጣች። ቤት ስንደርስ ልጅቷን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ወደ ኒዕማ ክፍል አልሄደችም።

«ልጥራት?» አልኳት።

«አትጥሪያትም።»

«ዶክቶራ እኮ...»

«ቀምታኛለች» አለች። «አሥራ ሁለት ቀን ያስቀረቻት እሷ ናት። እንዳትወስጃት ያለችሽ እሷ ናት። ልጄን ወደደች፣ ያዘች። ዝም ያልኩት አጥቼው ነው?»

ዘምዘም እቅፏ ውስጥ ታቃስታለች፤ የማልቀስ አቅም የላትም። በዚያች ሰዓት ዝም ካልኩ ልጅቷ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። ዘሊካንም ፈራሁ። የትኛው እንደበለጠብኝ አላውቅም፤ ብቻ አፌ ተከፈተ።

«ኒዕማ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኳት። «ኒዕማ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ውሰጃት ትለኝ ነበር። ይቺን ልጅ ለእናቷ አድርሻት፣ ወተቷ ይደርቅባታል እያለች። አብሬሽ ልሂድ ብላ ሁሉ ሻሿን አስራ ወጥታ ነበር። ሰው በውስጥ ለውስጥ ይሄድ ነበር። ከአድማው በኋላ ደግሞ አውቶቡስ ሁሉ ነበረ። መንገዱ ዝግ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ወታደሩን ፈርቼ ነው፤ ዱላውን ግንባሯ ላይ ካየሁ በኋላ መውጣት አቃተኝ።»

ዘሊካ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም።

«ስንት ጊዜ ስሰድባት ሰማሽ?» አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

ተነሳች። ዘምዘምን አቅፋ ግቢውን አቋርጣ የኒዕማን በር በእግሯ ገፋችው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ኒዕማ ኑርሁሴንን ከጭኗ አውርዳ አየቻት።

«ብልቃጥ ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት።

«ልጅ ይዤ መጣሁ» አለች ዘሊካ። «ጠጋ በይልኝ።»

ኒዕማ ጠጋ አለችላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዘምዘም መጀመሪያ ዘሊካን ትስባለች፣ ምንም ስታጣ ትናደዳለች፣ ከዚያ ወደ ኒዕማ ትሻገራለች። ዘሊካ ወደ ግድግዳው ዞራ ትጠብቃለች። ኒዕማ «ቀስ በይ አንች ሆዳም» ትላታለች ለልጅቷ። ዘሊካ «ልጄን ሆዳም አትበያት» ትላለች። «የኔም ልጅ ናት ሆዳም ያልኳት» ትላለች ኒዕማ። እኔን ዘሊካ ወር ሙሉ አላናገረችኝም፤ የሚያስፈልጋትን ለኒዕማ ትነግራታለች፣ ኒዕማ ለእኔ ትነግረኛለች።

በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዘምዘም ዘሊካ ጡት ላይ ቆየች። ዛሬ ምነው አልጮኸችም አልን። ዘሊካ ጎንበስ ብላ አየች። ከልጅቷ ከንፈር ዳር ነጭ ነገር ይወርዳል።

«አለኝ» አለች። ድምፅዋን አሳንሳ ነው ያለችው፣ የሚወስድባት ሰው ያለ ይመስል።

ከዚያ በየቀኑ ጨመረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኒዕማ እንደ ልማዷ እጇን ስትዘረጋ ዘምዘም ፊቷን ዘሊካ ደረት ውስጥ ቀበረች። ኒዕማ እጇን መለሰች። ቀሚሷ ፊት ለፊቱ ረጥቧል።

«ጠገበች» አለች ዘሊካ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«አየሁ» አለች ኒዕማ። ኑርሁሴንን አንስታ እያጠባች ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ፤ እስከ ትናንት የዘሊካ ነበር።

ዘሊካም አየችው መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ዘምዘም በዘሊካ ጠግባ ሳለች፣ ለኒዕማ «እንኪ ትንሽ ያዥልኝ፣ ልብስ ላጥብ» ብላ ሰጠቻት። የሚታጠብ ልብስ አልነበረም።

ብልቃጦቹ አልተላኩም። በዓመቱ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ የዶክቶራ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተበላሸ፤ ጣሉት። ዘሊካ መልሱን አጥብቃ ስትጠይቃቸው፣

«ሳይመረመር የማን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም» አሏት። «መጀመሪያ ብዙ እንግዳ ይገባል። ብዙውም ይወጣል። ከሰፈሩት ውስጥ የአንቺም የኒዕማም ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ዕለት ዕለት አብረሻት ስትበዪ፣ ስትስሚያት ደግሞ ይጨመራል። በሩ ገና አልተዘጋም።»

ይኼን ለእኔ ስትነግረኝ «በሩ ገና አልተዘጋም» የምትለውን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ ዘምዘምን ስትስማት ሥራ የምትሠራ ነው የምትመስለው።

ዘምዘም አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ስትስቅ ቂው ነው የምትለው፤ ዘሊካ ይኼ ከተምሩ ነው ትላለች። ባለፈው ሮመዳን ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ማፍጠሪያቸውን እንጠብቃለን። ዘምዘም ከሳህኑ ተምር አንስታ አፏ ከተተች፣ አላመጠች፤ ከዚያ ከአፏ አውጥታ በጣቷ ይዛ መጣች። እኛን አንድ በአንድ አየች። ኒዕማ ጋ ሄደችና «ሃ» አለቻት። የማፍጠሪያው አዛን ገና አልተሰማም። ኒዕማ «ቆይ እናቴ፣ ጾም ነኝ» አለቻት።

ዘሊካ ሁለቱን እያየች ነው። ፊቷን አውቀዋለሁ፣ አፍንጫዋ ነፋ ይላል።

«ለኔስ?» አለች።

ዘምዘም ያላመጠችውን ተምር ይዛ በመካከል ቆመች። ያኔ አዛኑ ተሰማ። ኒዕማ ውሃዋን አነሳች፤ ዘሊካ ግን ውሃውን አልነካችም። ልጇ ፊት ጎንበስ ብላ አፏን ከፍታ ጠበቀች።